የብርቱው ጠርሙስ ዘር

አክስቴ ጠዋት ጠዋት ጠርሙሶቿን የምታያቸው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ሩጫ አሰልጣኝ ነው። የሞቃቱን ክፍል በር በትከሻዋ ገፍታ ትገባና በእንፋሎት የደበዘዘው መነጽሯ እስኪጠራላት ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ በውሃ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ማን ከማን እንደበለጠ ታያለች። ገንዳው ስድሳ ዲግሪ የሞቀ ነው፤ እጅ አይነከርበትም። ውስጡ የተደረደሩት ወፍራም ጠርሙሶች እፍኝ የማይሞላ የሸንኮራ ገለባና ግራጫ ውሃ ይዘዋል። አፋቸው በጎማ ተደፍኗል፤ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር ከነካቸው ይሞታሉና። በየጎማው ላይ ስሪንጅ ከነመርፌው ተሰክቷል። ባክቴሪያዎቹ ገለባውን ሲበሉ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ የስሪንጁን ዘንግ ሽቅብ ይገፋዋል። አክስቴ ዘንጉ ከሁሉም ከፍ ያለበትን ጠርሙስ በጓንት ታወጣና፣ "የዛሬው አንተ ነህ" ትለዋለች። ከእሱ ቀድታ በአዲስ ገለባ ላይ ትዘራለች። የቀሩት ይደፋሉ።

ምርጫዋ ሁልጊዜ ብርቱው ነው። ዶሮ ስታረባም፣ ለዘር የሚሆን በቆሎ ስትለይም፣ ከሰፈሩ ልጆች መሃል ለመልእክት የሚሮጥ ስትፈልግም እንዲሁ ነበረች። ደካማውን ትመግበዋለች እንጂ ለዘር አታስቀምጠውም።

እኔ ትምህርቴን ለመጨረስ ወደ ሩቅ ሀገር ተመልሼ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ጠርሙሶቹን ያቆየቻቸው እሷ ናት። በስልክ ስንገናኝ ስለ ጤናዋ ከጠየቅኳት በኋላ ስለ እነሱ እጠይቃለሁ። "ደህና ናቸው?" እላለሁ። "ደህና ብቻ? ጎርምሰዋል" ትለኛለች። ሁለታችንም ደስ ብሎን እንዘጋለን።

ነገሩ የጀመረው ከስኳር ፋብሪካው ጀርባ ከነበረው ክምር ነው። ወፍጮው ሸንኮራውን ጨምቆ የሚተፋው ገለባ እዚያ ይጣል ነበር፤ ከቤት ጣሪያ በላይ ወጥቶ ኮረብታ መስሎ ነበር። ዝናብ ሲያርፍበት ከውስጥ ይግላል፣ ጠዋት ላይ እንደተጣደ ድስት ይጨሳል። ልጆች ሳለን እግራችንን ልናሞቅ እንወጣበት ነበር። በትምህርቴ መሃል ለእረፍት በመጣሁ ጊዜ ከአክስቴ ጋር በዚያ ስናልፍ፣ "ይሄ ክምር ሰካራም ሰካራም ይሸታል" አለች። እውነቷን ነበር። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ከሆዱ ያወጣሁት ትኩስ ጭቃ ውስጥ እነዚህን ባክቴሪያዎች አገኘሁ። ሌላ ቦታ ገለባን ወደ ኢታኖል ለመለወጥ ብዙ ድካም አለው፤ መጀመሪያ የገለባውን አካል፣ ሴሉሎሱን፣ የሚሰባብር ነገር ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ስኳሩን ወደ አልኮል የሚቀይር ሌላ ይፈለጋል። እነዚህ ሁለቱንም ሥራ በአንድ ሆድ ይሠሩታል፤ ያውም ሌላው ተሕዋስ በሚቀቀልበት ሙቀት። አዝጋሚ ነበሩ፣ ዝምተኛ ነበሩ፣ ግን ያወጡት አልኮል ማንኪያ ላይ ሲለኮስ ሰማያዊ ሆኖ ይነድ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ያንን ነበልባል ካየ በኋላ ሞቃቱን ክፍል ፈቀደ፤ አክስቴንም ጠባቂ አደረጋት።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ መናገር አለብኝ። እናቴ የሞተችው እኔ ስድብና ምርቃት ሳልለይ ነው፤ ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ዕድሜዋን በሙሉ በፋብሪካው ላቦራቶሪ ዕቃ ስታጥብ ኖራለች። የጡረታ ጊዜዋ ሲደርስ በሩ ሊዘጋባት ነበር፤ ያተረፏት ጠርሙሶቹ ናቸው። ሠራተኛው "የጀርሞቹ እናት" ይላታል፤ እሷም ስትጠራ "አቤት" ትላለች። ጠርሙሶቹ እስካሉ በዚያ በር ትገባለች። ባይኖሩ፣ ከአንድ አልጋና ከአንድ መስኮት ጋር ቤቷ መቀመጥ ነው። ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

እኔ ስመለስ ሥራ አስኪያጁ ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚሞከሩበትን ትልቁን ታንከር አሠርቶ ጨርሷል። ሙከራው ከተሳካ ሞቃቱ ክፍል ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል ይሆናል፤ ካልተሳካ ደግሞ ፋብሪካው መጋዘን ጠቦታልና የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ፋብሪካው ግቢ ተወልጄ፣ የፈረቃውን ፉጨት እየሰማሁ አድጌ፣ ስመለስ "እንግዳዋ" የሚል ስም ጠበቀኝ። አልተቀየምኩም። ለምን እንደተመለስኩ እኔም በደንብ አላውቅም ነበር፤ ለባክቴሪያዎቹ ነው ስል ለአክስቴ፣ ለአክስቴ ነው ስል ለባክቴሪያዎቹ ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ክፍሉ አስገባችኝ። ዘንጎቹ ሁሉ እላይ ደርሰዋል። አንዱማ ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መትቶ ነበርና ምልክቱን በጣቷ አሳየችኝ። "አንቺ ትተሻቸው ስትሄጂ ግማሽ እንኳ አይደርሱም ነበር" አለችኝ። ድሮ የማይፈልጉትን ኖራ አሁን በየቀኑ እንደሚፈልጉ፣ ካልጨመረችላቸው ውሃው ቶሎ እንደሚጎመዝዝባቸው ነገረችኝ፤ የልጇ ጫማ በየወሩ የሚጠብበት እናት ዓይነት አነጋገር ነበር። አመሰገንኳት። ሳመሰግናት ግን አፍንጫዬ አንድ ነገር ይዞ ነበር፤ ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ወለሉን በምን እንደምታጥበው ጠየቅኳት። "በውሃ፣ በምን ይታጠባል?" አለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን መጠርጠር ሲበዛብኝ የኖርኩ ሰው ነኝና ይህንንም የራሴ አመል አድርጌ ላልፈው ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ከሚደፋው ውሃ አንድ ማሰሮ ያህል አጠራቅሜ ወደ ሻለቃ ወሰድኩት።

ሻለቃ የአልኮል ማጣሪያውን የሚመራው ሰው ነው። በጦር ሰፈር ደጃፍ እንኳ አላለፈም፤ ማዕረጉን የሰጠው ጩኸቱ ነው። በልጅነቴ ከክምሩ ላይ በዱላ ያባርረን ነበር። ያመጣሁትን ትንሿ የመዳብ ድስት ውስጥ ገልብጦ እሳት አነደደና እስኪፈላ ድረስ ሲያሾፍብኝ ቆየ፤ እኔ በተማርኩበት ሀገር ሰው ሁሉ ድስት የሚጥደው በኮምፒውተር እንደሆነ ሰምቻለሁ አለ። አልኮል ካለ ከቱቦው የሚንጠባጠቡት የመጀመሪያ ጠብታዎች ላይ ነው የሚገኘው። በማንኪያ ተቀበለው። ክብሪት ጫረበት። እሳቱ ማንኪያውን ነካና ጠፋ። ደገመው። ከዚያ ማንኪያውን አሽትቶ ወደ እኔ ዘረጋው።

"እንግዳዋ፣ ይሄ ለሰላጣ ይሆናል" አለ።

አልሳቅኩም። እሱም ተወው። "የጀርሞቹ እናት ታውቃለች?" ብሎ ጠየቀኝ። እንደማታውቅ ነገርኩት። "እንግዲያው እኔም አላየሁም" አለና ማንኪያውን በጨርቅ ጠረገ።

ነገሩ ገባኝ፤ ሲገባኝ ደግሞ ባልገባኝ ብዬ ተመኘሁ። አንድ ጉንጭ ገለባ ለሁለት ጌታ አይበቃም። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዱ የበላውን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ያ ጋዙ ትንሽ ነው፣ እድገቱም ቀስ ያለ ነው። ሌላው ወደ ኮምጣጤ ይለውጥና ትርፉን በጋዝ ይተነፍሰዋል፤ ይህኛው ይፈጥናል፣ ይበዛል፣ ዘንጉን ጣሪያ ያደርሰዋል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም በአንድ ጠርሙስ ተቀላቅለው ነበር፤ የሚበዙት ዝምተኞቹ ነበሩ። አክስቴ በየማለዳው፣ በፍቅር፣ አንድ ቀን ሳታጓድል፣ የሚጮኸውን መርጣ ዝም የሚለውን ስትደፋ ኖራለች። ብርቱ ናቸው ያለችው እውነት ነው። ብርታታቸው ነው የእኛን አልኮል የበላው።

ደግነቱ መመለሻ አስቀምጬ ነበር። ከመሄዴ በፊት ከመጀመሪያዎቹ ቀድቼ በትናንሽ ቱቦዎች አድርጌ በዲፕ ፍሪዙ ውስጥ አኑሬያለሁ። በረዶ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ አይበላም፣ አይራባም፣ አይለወጥም፤ እንደተኛ ይቆያል። ወደ ላቦራቶሪው ሄጄ ዲፕ ፍሪዙን ስከፍተው ያገኘሁት የሠራተኞችን የውሃ ጠርሙስ ብቻ ነው። አክስቴን ድምፄን አለስልሼ ጠየቅኳት።

"እነዚያ ትናንሾቹ?" አለች። "አወጣኋቸው እኮ፤ አንቺ በሄድሽ በወሩ።"

"ለምን እቴቴ?"

"እንዴት ለምን ትያለሽ? ሙቀት ነው የሚወዱት ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ሙቀት የሚወድ ፍጥረት በረዶ ውስጥ ተጥሎ ሳየው እንቅልፍ አጣሁ። ረስተሻቸው ነው ብዬ ከወንድሞቻቸው ጋር ቀላቀልኳቸው።" ፊቴን አይታ ቆም አለች። "ጥሩ አላደረግኩም?"

ጥሩ አደረግሽ አልኳት። በሩቅ ሀገር ያስተማሩኝ ሰዎች ሁሉ፣ ናሙና የሚጠፋው በእሳት ነው፣ በጎርፍ ነው፣ በመብራት መቋረጥ ነው ብለው አስጠንቅቀውኛል። በርኅራኄ እንደሚጠፋ ያስጠነቀቀኝ የለም።

ቀጥሎ ወደ ክምሩ ሮጥኩ። ክምሩ የለም። ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ በጭነት መኪና ተጠርጎ ተወስዷል። ቦታው ጠጠር ተነጥፎበት፣ ኖራ የተቀቡ ጎማዎች ተደርድረውበት፣ በየጎማው አበባ ተተክሎበት አገኘሁት። ገለባው የት እንደተጣለ ሹፌሮቹን ብጠይቅ አንዱ ወንዝ አለኝ፣ ሌላው ጡብ ፋብሪካ አቃጥሎታል አለኝ። ከጎማዎቹ ሥር ጠጠሩን ገልጬ ቆፈርኩ። አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከእሱም ወስጄ በጠርሙስ አሞቅኩት፤ ገለባው እንደገባ ቆየ፣ ማንም አልነካውም። አትክልተኛው አበባውን ስለነቀልኩበት ለሥራ አስኪያጁ ከሰሰኝ።

በዚያው ሰበብ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። ሙከራው እንዲዘገይ ለመንኩት፤ ባክቴሪያዎቹ እንደተለወጡ፣ አልኮል መስጠት እንደተዉ አስረዳሁት። ክፉ ሰው አይደለም፤ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያም፣ የዚያን ዕለት ጠዋት እሱ ራሱ ሞቃቱ ክፍል ገብቶ በዓይኑ እንዳየ፣ እንዲህ ሲፈላ አይቶ እንደማያውቅ፣ የሞተ ነገር እንደማይፈላ ነገረኝ። አልሞቱም ብዬ ደግሜ ጀመርኩ። "ዶክተር" አለኝ፣ "እርስዎ ገና ከመንገድ አላረፉም። ጎብኚዎቹ ተጠርተዋል።" ከዚህ በኋላ ያለው ቃል ሁሉ ውሃ መውቀጥ ነበር።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነው፤ ከጠርሙሶቹ መሃል ዝምተኛ ቅሪት ካለ ፈልጎ ማትረፍ። ለዚያ የአክስቴ እጅ ያስፈልገኛል፤ አየር ሳታስገባ በመርፌ መቅዳት እንደ እሷ የሚሆንለት የለም። እውነቱን ሳልነግራት፣ ለትንሽ ጊዜ ዘንጉ ዝቅ ያለበትን እንድትመርጥ ጠየቅኳት።

"ሰነፉን?" አለች።

"ሰነፉን።"

"እዚያ ሀገር የሚመረጠው ሰነፍ ነው?" ብላ ሳቀች። እኔ ሳልስቅ ስቀር ግን፣ "እሺ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ" አለችና ዝቅ ካለው ቀዳች። ቅር እንዳላት አየሁ። በማግስቱ ያ ሰነፍ ጠርሙስ ዘንጉ ከሁሉም በላይ ደርሶ ጠበቀኝ። አሳዝኗት ነው፤ የተሻለ ገለባ ጨምራለታለች፣ ማሞቂያው አጠገብ አስጠግታዋለች። "አየሽ፣ ሰነፍ አልነበረም፤ ተበድሎ ነው" አለችኝ ደስ ብሏት። ሌላ ዝምተኛ ፈለግን፣ እሱም ዝም ያለው ታሞ ነበር። ሌላም ፈለግን። ሁሉም ያው ነበሩ፤ ብርቱ ወይም የታመመ ብርቱ። የመጀመሪያዎቹ ዘር ተሟጧል።

ልነግራት ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። አንዱን ጊዜ ጠርሙስ ስታጥብ አየኋት፤ ጥፍሯ በሙቅ ውሃ ብዛት ነጭ ሆኗል። ሌላውን ጊዜ ለሙከራው ቀን የምትለብሰውን ሻርፕ እያሳየችኝ ነበር።

በሙከራው ቀን ሻርፑን አድርጋ ከፊት ቆመች። ታንከሩ ከተዘራ ቀናት ሆኖታል፤ ከአናቱ የወጣው የጋዝ ቱቦ ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ይንደቀደቃል። በርሜሉ ይናጣል፣ ውሃው እየፈነጠቀ የጎብኚዎቹን ጫማ ያርሳል። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። ከሠራተኞቹ አንዱ "የጀርሞቹ እናት፣ ልጆችሽ ደርሰውልሻል" ብሎ ጮኸ። አክስቴ መሬት መሬት አየች፤ ሰው ሲያመሰግናት እንዲህ ነው የምትሆነው። እኔ አረፋውን እያየሁ ነበር። እያንዳንዱ አረፋ አልኮል መሆን ሲችል የባከነ ገለባ ነው።

ከታንከሩ ተቀድቶ ወደ ማጣሪያው ገባ። ሻለቃ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች በማንኪያ ተቀበለና ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየ። ክብሪቱን ጫረ። እሳቱ ማንኪያው ላይ ሲደርስ ጠፋ።

"ክብሪቱ ረጥቧል" አለ።

ሌላ ጫረ። ጠፋ። ሌላ ጫረ። "ይሄ ክብሪት ድሮም ልማዱ ነው" አለ፤ ድምፁን እንደዚያ ዝቅ አድርጎ ሰምቼው አላውቅም። ከጎብኚዎቹ አንዱ የራሱን ላይተር አቀበለው። ላይተሩ እየነደደ ማንኪያው ላይ ቆየ፤ ማንኪያው ጠቆረ እንጂ የተቀዳው አልነደደም። ሻለቃ ይሄኛው የመጀመሪያው ስለሆነ ነው፣ ቀጣዩን እንሞክር እያለ አዲስ ቀዳ። ክብሪቱን እስኪጨርስ ጫረ። ሰዉ አንድ በአንድ እየተገለለ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ጎብኚዎቹን ወደ አበባዎቹ ወሰዳቸው።

አክስቴ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሰዉ ሲያልቅ ማንኪያውን ከሻለቃ እጅ ወስዳ አሸተተችው። ዕድሜዋን በሙሉ የላቦራቶሪ ጠርሙስ ያጠበች ሰው ናት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማሽተት አላስፈለጋትም።

"ማን ጎዳቸው?" አለችኝ።

"ማንም አልጎዳቸውም እቴቴ።"

"ሁልጊዜ ብርቱውን ነበር እኮ የምመርጠው።"

"አውቃለሁ።"

ዓይኔን አየችው። ሰነፉን ምረጪ ያልኳትን እያሰበች መሰለኝ፤ የዲፕ ፍሪዙንም ይሆናል። ወይም ምንም እያሰበች አልነበረም። ማንኪያውን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ለሻለቃ መለሰችለትና፣ "ክብሪትህን ጨረስንብህ" አለችው።

ክፍሉ የተዘጋው ያለ ጭቅጭቅ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ የገንዳውን ገመድ ነቀለ፤ ሌሎቹ የወረቀት ጆንያ ማስገባት ጀመሩ። እኔ ካርቶን ይዤ ቆሜ፣ ምን እንደምከትበት አላውቅም ነበር። አክስቴ ከቤቷ ፔርሙስ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሰፊ አፍ ያለውን። አንዱን ጠርሙስ ከነስሪንጁ በፔርሙሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ክዳኑ ስለማይገጥም አፉን በጨርቅ ጠቀለለችው። በበሩ ስናልፍ ዘበኛው ምን እንደያዘች ጠየቃት። "ልጅ" አለችው፤ ሳቀና አሳለፈን።

አሁን ፔርሙሱ ከመስኮቷ ሥር ጠረጴዛ ላይ ነው። ውሃው በየጊዜው ይቀዘቅዛል፤ በየጊዜው መቀየር አለበት። በሩቅ ሀገር የሚጠብቀኝ ሥራ አለ፤ ለመሄድ ሳስብ ማን ውሃውን ይለካላታል እላለሁ፣ ለመቅረት ሳስብ ደግሞ ዕድሜዬን ኮምጣጤ ሳሞቅ ልኖር ነው ወይ እላለሁ። ትናንት ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ጥዳ አገኘኋት። አልቻልኩም፣ ጠየቅኳት፤ እነዚህ ከእንግዲህ አልኮል እንደማይሰጡ ገብቷት እንደሆነ።

"ገብቶኛል" አለች። ጥቂት ገለባ በመቀስ እየቆረጠች ነበር። "ባይሰጡስ? ይርባቸዋል እኮ።"

ማንቆርቆሪያውን አወረድኩላት። የፈላውን ከቀዝቃዛው ጋር በጎድጓዳ ሳህን ቀላቀልኩ፣ ቴርሞሜትሩን ነከርኩ፣ ሲበዛ ቀዝቃዛ ጨመርኩ፣ ሲያንስ የፈላ።

"ደረሰ?" አለች፤ ቁጥሩ ለዓይኗ አይታያትም።

"ደርሷል።"

ወደ ፔርሙሱ ገለበጠችው። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ዘንጉ ትንሽ ተነቀነቀ፣ ከዚያ ሽቅብ ሄደ።

"አየሽው?" አለችኝ።

አየሁት አልኳት።